ጥር 11 ቀን 2030፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ጅማ ውስጥ በሆስፒታል፣ በዩኒቨርሲቲ፣ በቡና ማኅበራት ኮምፒውተር ለምትጠብቁ ነው። ቀኑ ጥር 11 ቀን 2030፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነው። ጥምቀት ነው፤ ቢሮው ዝግ ነው፣ ስልክ የሚያነሳም አይገኝም። ጊዜን ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሰከንድ የሚቆጥረው ባለ 32 ቢት ቆጣሪ ያኔ 2,147,483,647 ላይ ይሞላል። በቀጣዩ ሰከንድ ቁጥሩ ወደ ኔጌቲቭ ይዞርና ማሽኑ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ነው ብሎ ያርፈዋል።

«ሰርቨራችን 64 ቢት ነው» የሚለውን መልስ አትቀበሉ። ማሽኑ 64 ቢት ሆኖ ቀኑ የተቀመጠበት ቦታ 4 ባይት፣ ማለትም 32 ቢት፣ ሊሆን ይችላል። ማይኤስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት ፕሮግራም ቀንና ሰዓት የሚይዝባቸው ሁለት ዓይነቶች አሉት፦ ታይምስታምፕ የሚያበቃው እዚያው ጠዋት ላይ ነው፤ ዴትታይም ግን በፈረንጆቹ እስከ 9999 ይሄዳል። ስትቀይሩ ግን ተጠንቀቁ፦ ታይምስታምፕ በዓለም አቀፉ ሰዓት አስቀምጦ ሲያሳይ ወደ አካባቢው ሰዓት ይመልሳል፣ ዴትታይም የተሰጠውን እንዳለ ይይዛል። የሰዓት ክልሉን ሳታስተካክሉ ከቀየራችሁ መዝገቡ ሁሉ በ3 ሰዓት ሊንሸራተት ይችላል። ደግሞ 2030ን አትጠብቁ፤ የ15 ዓመት ብድር የሚመዘግብ ሶፍትዌር ችግሩን ዛሬውኑ ያገኘዋል።

ሙከራውን በሚሠራው ሰርቨር ላይ በፍጹም አታድርጉ። ሰዓቱ ወደፊት ሲዘል መጠባበቂያ ቅጂው «ጊዜው አልፏል» ተብሎ ሊሰረዝ ይችላል። ቅጂውን ቨርቹዋል ማሽን ላይ፣ ማለትም በኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር በተፈጠረ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ጫኑ፣ ኔትወርኩን ንቀሉ፣ ሰዓቱን በራሱ የሚያስተካክለውን አገልግሎት አጥፉ፤ አለዚያ ወዲያው ወደ ዛሬ ይመልስባችኋል። ከዚያ ከ12 ሰዓት ከ10 ላይ አስጀምሩትና እየሠራ ደቂቃዋን ይሻገር። ግቡበት፣ ደረሰኝ አሳትሙ፣ ሪፖርት አውጡ፣ አጥፍታችሁ አስነሱት። ሰርተፍኬትና ላይሰንስ አልፎባቸው ቢጮሁ የቆጣሪው ጥፋት አይደለም፤ ለይታችሁ መዝግቡ።

እኔን የሚያሰጉኝ ግን ትንንሾቹ ናቸው፦ የጣት አሻራ መፈረሚያ፣ የካሜራ መቅረጫ፣ ከኮምፒውተር ጋር የተያያዘ የቡና ሚዛን። ሞዴላቸውንና የፈርምዌር (በውስጣቸው የተጫነው ሶፍትዌር) ቁጥራቸውን ጽፋችሁ ሻጩን በደብዳቤ ጠይቁ። ማሻሻያ ከሌለው የመለወጫውን ገንዘብ በጀት ውስጥ አስገቡ።

ለልምምድ የራሳችን ጳጉሜ አለች። 13ኛ ወር የማይቀበል ፕሮግራም ስንቱን አስለቅሷል! ጳጉሜ 6 ቀን 2019 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ላይ ይውላል፤ በማግስቱ ሴፕቴምበር 12 መስከረም 1 ነው። መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ የተጻፈ ኮድ በዚያ ዓመት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ አንድ ቀን ይስታል። ሁለቱንም ቀኖች በዚያው ቅጂ ላይ አስገብታችሁ የሚወጣውን ደረሰኝ በእጅ ከተሰላው ጋር አስተያዩት።