የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለቆየ ስኩተር ቱብለስ ቸርኬ በአቅም ሲገዛ

ጥያቄ፦ ያለኝ ስኩተር ባለ 10 ኢንች ጎማ ቬስፓ ፒኤክስ ነው። ቸርኬዎቹ ከሁለት ግማሽ ተገጥመው በቡሎን የሚታሰሩ የብረት ቸርኬዎች ናቸው። ጎማ በተነፈሰ ቁጥር የውስጡን ጎማ፣ ማለትም ከመነዳሪውን መቀየር ስለሰለቸኝ ወደ ቱብለስ፣ ማለትም ከመነዳሪ ወደማይፈልግ ጎማ፣ ለመዞር አስቤአለሁ። ነገር ግን አንዱ ሻጭ የሚጠራው ዋጋ የሌላውን ሦስት እጥፍ ነው። ርካሹን ብገዛ ምን ይቀርብኛል? ምኑን አይቼስ ልምረጥ?

መልስ፦ ርካሹን መግዛት ይችላሉ፤ ዋጋው ከምኑ ላይ እንደተቀነሰ ግን አስቀድመው ይወቁ። ከመልኩ ላይ ከሆነ ይግዙት። ጎማው ከሚቀመጥበት ቦታ ላይ ከሆነ ግን በነጻ ቢሰጡዎትም አይውሰዱት።

ባለ ከመነዳሪ ጎማ ሚስማር ሲወጋው የተወጠረው ስስ ላስቲክ ይተረተራል፤ ንፋሱም በቫልቭ ቀዳዳውና ሁለቱ የቸርኬ ግማሾች በሚገናኙበት መስመር በኩል በቅጽበት ይወጣል። ቱብለስ ላይ ከመነዳሪ የለም። ሚስማሩ ራሱ የወጋውን ቀዳዳ ደፍኖ ስለሚቆይ ንፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፤ መሪውን ሳይለቁ ዳር ለመያዝ ጊዜ ያገኛሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ታዲያ ሽቦ ያለበት የጎማው ጠርዝ ቸርኬው ላይ ተጣብቆ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ምርመራው ከዚያ ቦታ ይጀምራል።

ቸርኬውን ያለ ጎማ ይያዙትና የውስጥ ጎኑን ይመልከቱ። የጎማው ጠርዝ ከሚያርፍበት መቀመጫ ወደ መሃል ሲሉ ዙሪያውን የሚዞር ዝቅ ያለ ጉብታ መኖር አለበት። ጎማው ሲተነፍስ ጠርዙ ተንሸራቶ ወደ መሃለኛው ጎድጓዳ እንዳይገባ የሚያግደው ይህ ጉብታ ነው። ጉብታ የሌለው ቸርኬ «ቱብለስ» ተብሎ ቢሸጥም ለቱብለስ የተሠራ አይደለም። ቀጥሎ የአውራ ጣትዎን ጥፍር መቀመጫው ላይ አድርገው ዙሪያውን ይሂዱበት። በቶርኖ የተላገ መቀመጫ ላይ ጥፍሩ ያለ እንቅፋት ይንሸራተታል። ከቀረጻ እንደወጣ የተተወ ወይም ቀለም በላዩ ተከምሮ የተንጠባጠበበት ከሆነ ጥፍሩ እዚህም እዚያም ይያዛል፤ የተያዘበት እያንዳንዱ ጉድጓድ ነገ ንፋስ የሚያሾልክ መንገድ ነው። በጣም ርካሽ የሆኑ ቸርኬዎች ብዙውን ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው።

የቫልቭ ቀዳዳውን በካሊፐር ይለኩ። ለስኩተር የሚሸጡት የጎማ ቫልቮች፣ ለምሳሌ ቲአር 412 የሚባለው፣ 11.3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይፈልጋሉ። 8.3 ሚሊ ሜትር ሆኖ የተበሳ ቸርኬም አለ፤ ለእሱ የሚሆነው ሌላ ነው፣ በዳዶ የሚታሰር ቀጭን የብረት ቫልቭ። አንዱን በሌላው ቦታ ለማስገባት ቀዳዳውን በድሪል ማስፋት አይገባም፤ ጠርዙ ሸካራ ይሆንና የቫልቩን ላስቲክ ይቆርጠዋል። ቫልቩ 90 ዲግሪ የታጠፈ ቢሆን ይመረጣል። ቸርኬው ትንሽ፣ የፍሬኑ ታምቡር ደግሞ ቅርብ በመሆኑ ቀጥ ያለ ቫልቭ ላይ የመንፊያው አፍ አይደርስም።

መልክን በተመለከተ፣ ብር ቀለም የተቀባውን ይምረጡ። ዋጋው ያንሳል፣ ሥራውም ይሻላል። ያለ ሽፋን የተወለወለ አሉሚኒየም በጎማው ጠርዝ ሥር እርጥበት ሲያገኝ ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ ዱቄቱ መቀመጫውን ስለሚያሸክረው ጎማው ከዓመት በኋላ ማሾለክ ይጀምራል። ክሮም የተቀባውም ክሮሙ መቀመጫው ላይ መቀረፍ ሲጀምር ውጤቱ ያው ነው። ለብልጭታ የሚከፍሉትን ገንዘብ ለጎማ ያውሉት።

የገዙትን ቸርኬ ጎማ ከማስገባትዎ በፊት ባዶውን ስኩተሩ ላይ ይግጠሙት። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ ጎማ ከገባ በኋላ ግን ሻጩ አይመልስልዎትም። አምስቱን ዳዶዎች በኮከብ ቅርጽ እያፈራረቁ ያጥብቁ። ጫፉ የቸርኬውን ጠርዝ ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አንድ ሽቦ ከስኩተሩ አካል ጋር ይሰሩና ጎማውን እንደሚያዞሩ ሁሉ ቸርኬውን ያዙሩት። በሽቦውና በጠርዙ መካከል ያለው ክፍተት ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ወይም ግራና ቀኝ ካለ ቸርኬውን ይመልሱ። በዚያው አጋጣሚ የተተከሉት ቡሎኖች ርዝመት እንደሚበቃ ይዩ። አሉሚኒየሙ ከቀድሞው ብረት ስለሚወፍር የቡሎኑ ጫፍ በዳዶው ውስጥ ሊቀር ይችላል። ጫፉ ቢያንስ ከዳዶው ፊት ጋር እኩል መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ረዘም ያሉ ቡሎኖች ይተከሉ። የዳዶው ግርጌም ከቸርኬው ቀዳዳ ጋር ይመሳሰል፦ ቀዳዳው ሾጣጣ ከሆነ ሾጣጣ ዳዶ፣ ጠፍጣፋ ከሆነ ጠፍጣፋ ዳዶ ከጠንካራ ሮንዴላ ጋር። የድሮው የተሰነጠቀ ሮንዴላ ለብረት ነው፤ አሉሚኒየምን ይፍቀዋል። የፒኤክስ የጎማ ዳዶዎች ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር ይበቃቸዋል። 50 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ እንደገና ይፈትሹዋቸው።

ሂሳቡን ሲሠሩ ቸርኬውን ብቻ አይቁጠሩ፤ ቫልቭ፣ አስፈላጊ ከሆነ አዲስ ጎማና ቡሎን፣ የጎሚስታ ክፍያም አሉበት። አንዳንዴ ውዱ ቸርኬ ቫልቩንና ዳዶውን ይዞ ስለሚመጣ ልዩነቱ ከሚመስለው ያነሰ ይሆናል። ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃ ከኋላው ይጀምሩ። አብዛኛውን ክብደት የሚሸከመው፣ የፊተኛው ጎማ ገፍቶ ያቆመውን ሚስማርም የሚቀበለው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ ከመግዛት ነባሩን ባለ ሁለት ግማሽ ቸርኬ መገጣጠሚያውን በሲሊኮን ደፍኜ ቱብለስ ባደርገውስ?

መልስ፦ አያድርጉት። ሁለቱ ግማሾች በጉዞ ላይ በጥቂቱ ይንቀሳቀሳሉ፤ ሲሊኮኑ ያን እንቅስቃሴ ለረጅም ጊዜ አይችልም። ቢችል እንኳ ቸርኬው ጠርዙን የሚያግደው ጉብታ ስለሌለው ንፋሱ ሲወርድ ጎማው ከመቀመጫው ይወልቃል። ለቱብለስ ተብለው ከሁለት ግማሽ የተሠሩ ቸርኬዎች አሉ፤ እነሱ ግን ለክብ ላስቲክ ማኅተም የተቀረጸ ቦይና ጉብታ ኖሯቸው የተሠሩ ናቸው።

ነባሮቹን ቸርኬዎች መጠቀም ለሚቀጥሉም አንድ ማሳሰቢያ አለን። ቬስፓ ላይ ቸርኬውን ከታምቡሩ ጋር የሚያስሩት አምስት ዳዶዎችና ሁለቱን ግማሾች እርስ በርስ የሚያስሩት አምስት ዳዶዎች ሁሉም በ13 ቁልፍ ይፈታሉ። ጎማው ንፋስ እንደያዘ የግማሾቹን ዳዶ የፈታ ሰው ግማሾቹ ተፈናጥረው ሊያቆስሉት ይችላሉ። መጀመሪያ የቫልቩን ልብ አውጥተው ንፋሱን ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ።

ጥያቄ፦ ጎማዎቼ ገና አዲስ ናቸው። ቱብለስ ቸርኬ ላይ ይሆናሉ?

መልስ፦ መልሱ የተጻፈው ጎማው ጎን ላይ ነው። «ቲኤል» ወይም «ቱብለስ» የሚል ከሆነ ይሆናል። «ቲቲ»፣ ማለትም ባለ ከመነዳሪ፣ ብቻ የሚል ከሆነ ግን አይሆንም፤ ውስጡ ንፋስ የሚያግድ ሽፋን ስለሌለው ጎኑ ራሱ ያሾልካል። «ቲኤል/ቲቲ» ሁለቱንም ይቀበላል፤ ሚሽሊን ኤስ1ን የመሰሉ ጎማዎች እንዲህ ናቸው። በዚያው የጭነት ቁጥሩን ያንብቡ፦ 51 ማለት 195 ኪሎ፣ 59 ማለት 243 ኪሎ ነው። ሰው ጀርባዎ ጭነው የሚሄዱ ከሆነ ለኋላ 59 ይያዙ። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው «ጄ» ፍጥነቱ እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት መሆኑን ያሳያል፤ ሞተሩ ከዚያ በላይ የሚያስኬድ ስኩተር ከፍ ያለ ፊደል ያለው ጎማ ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ ሻጩ ስፋቱ 2.10 ኢንች ከሆነው ቸርኬ ይልቅ ሰፊውን ባለ 2.50 ኢንች በቅናሽ ላድርግልህ አለኝ። ሰፊ አይሻልም?

መልስ፦ ለተለመደው 3.50-10 ጎማ የሚሆነው 2.10 ነው። 2.50 የሚመጣው 100/80-10ን የመሳሰሉ ሰፋ ያሉ ጎማዎችን ለመግጠም ሲታሰብ ነው፤ ያኔ ጎማው ከማርሚታው ወይም ከኋላው ክንድ ጋር መተሻሸት ሊጀምር ስለሚችል ቅናሹ ሌላ ወጪ ይጎትታል። ቁመትም አለው ነገሩ። 100/90-10 ከፍታው 434 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ለ3.50-10 በጣም የቀረበ ነው። 90/90-10 ግን 416 ይሆናል፤ 4 በመቶ ያህል ያንሳል ማለት ነው። ኋላ ሲገጠም ስኩተሩ ማርሹ ያጠረ ያህል ይሆንና ሞተሩ በተመሳሳይ ፍጥነት ላይ ከፍ ብሎ ይዞራል። ፊት ሲገጠም ደግሞ የቬስፓ ፍጥነት መቁጠሪያ የሚዞረው ከፊተኛው ጎማ በመሆኑ ከእውነተኛው ፍጥነት በላይ ያሳያል።

ጥያቄ፦ ለቬስፓ የተሠራውን ቸርኬ ላምብሬታ ላይ መጠቀም ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። የቬስፓው በአምስት፣ የላምብሬታው በአራት ቡሎን ይታሰራል። ቀዳዳ አስተካክሎ መግጠም የሚባል ነገር አይሞከር።

ጥያቄ፦ ቱብለስ ቸርኬ አስገጥሜ በሁለት ቀን ውስጥ ንፋሱ ይወርዳል። ጎሚስታው ጎማው ጤነኛ ነው ይላል። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ ሳይገምቱ ይፈልጉት። ጎማውን 2.5 ባር ይንፉትና ቸርኬውን ጎማው እንዳለበት ከስኩተሩ አውልቀው በገንዳ ውኃ ውስጥ ይንከሩት፤ ገንዳ ከሌለ ወፍራም የሳሙና አረፋ በብሩሽ ይቀቡት። አረፋው የት እንደሚነሳ ታግሰው ይጠብቁ፤ ቀስ ብሎ የሚያሾልክ ቀዳዳ አንዲት አረፋ ለማውጣት ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል።

ከቫልቩ አፍ ከወጣ የቫልቩን ልብ ይቀይሩ። ከቫልቩ ግርጌ ከወጣ ቫልቩ ከቀዳዳው ጋር አልተመጣጠነም ወይም ሲገባ ላስቲኩ ተቆርጧል። በቸርኬው ጠርዝና በጎማው መካከል ከወጣ ጎማው ሙሉ በሙሉ አልተቀመጠ ይሆናል። በጎማው ጎን ላይ ከቸርኬው ጋር ትይዩ የሚዞር ቀጭን መስመር አለ፤ መስመሩ ከቸርኬው ጠርዝ ያለው ርቀት በሁሉም ቦታ እኩል መሆን አለበት። አንድ ቦታ ላይ ጠልቆ ከታየ ንፋሱን አውጡ፣ ጠርዙን በጎማ ሳሙና ቀቡ፣ የቫልቩን ልብ አውጥታችሁ በኃይለኛ ኮምፕሬሰር እንደገና ንፉት። እምቢ ካለ የጎማውን መርገጫ ዙሪያ በጠንካራ ገመድ ማሰር ጠርዞቹን ወደ ውጭ ስለሚገፋቸው ይረዳል። ከ2.8 ባር በላይ ግን አትሂዱ፤ በዚያ ግፊት ካልተቀመጠ አንድ የያዘው ነገር አለ። መስመሩ እኩል ሆኖ እያሾለከ ከሆነ መቀመጫው ሸካራ ነው፤ ቸርኬው ይመለስ።

አረፋው ከቸርኬው ራሱ፣ ከለስላሳው ብረት መሃል፣ እንደ ላብ ነጠብጣብ ሆኖ ከወጣ አሉሚኒየሙ ሲቀረጽ አየር ቀርቶበታል ማለት ነው። ማሸጊያ ፈሳሽ ለጊዜው ይደፍነው ይሆናል፤ ብረቱ ግን በዚያ ቦታ ደካማ በመሆኑ ቸርኬው ከአገልግሎት መውጣት አለበት። በብየዳም አይጠገንም።

አንድ ነገር አስቀድመው ያጣሩ፦ የሙቀት መጠን በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ግፊቱም 0.1 ባር ያህል ይወርዳል። ቀን ፀሐይ ላይ የተነፋ ጎማ ማለዳ ሲለካ የቀነሰ የሚመስለው ለዚህ ነው። ሁልጊዜ ጎማው ሳይሞቅ በተመሳሳይ ሰዓት ይለኩ። ለፒኤክስ መነሻው ፊት 1.2 ባር፣ ኋላ ለብቻ ሲነዱ 1.8፣ ሰው ሲጭኑ 2.5 ነው።

ጥያቄ፦ ከመንገድ ላይ ሚስማር ብወጋስ? ተቀያሪ ጎማውንም ቱብለስ ላድርገው?

መልስ፦ ተቀያሪው ባለ ሁለት ግማሽ ቸርኬና ከመነዳሪ ያለው ሆኖ ቢቀጥል ምንም አይጎድልዎትም፤ በአምስት ዳዶ ይገጥማል፣ ወጪም ይቆጥባል። ንፋሱን በወር አንዴ ይለኩት እንጂ። ባለ አንድ ወጥ ቱብለስ ቸርኬ ላይ ጎማ መቀየር የማሽን ሥራ ነው፤ ማሽኑ 10 ኢንች የሚይዝ መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ፣ ለመኪና ብቻ የተሠሩት ብዙዎቹ ይህን ያህል ትንሽ ቸርኬ አይጨብጡም።

ከመቀመጫ ሥር የላስቲክ ገመድ መድፈኛ ከነመብሻውና ትንሽ መንፊያ ይያዙ። የሚደፈነው መርገጫው ላይ ያለ፣ ከ6 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ቀዳዳ ብቻ ነው። ጎኑ የተወጋ ጎማ አይደፈንም። መድፈኛው እስከ ጎሚስታ የሚያደርስ ነው፤ እዚያ ሲደርሱ ጎማው ይውጣና ከውስጥ ይለጠፍ።