ሲሚንቶው ወዴት ሄደ? ለፕላግ ጥያቄው መልስ

ጠያቂው ወንድማችን የጻፈው ባጭሩ ይህ ነው። 700 ሜትር የተቆፈረ፣ ኬሲንግ (ግድግዳውን የሚደግፍ የብረት ቱቦ) ያልገባበት ጉድጓድ አለ። ዲያሜትሩ 216 ሚሊሜትር ነው፤ ውስጡ ቀላል የቤንቶናይት (ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ የሸክላ ዓይነት) ጭቃ ሞልቷል። የቱቦውን ጫፍ 500 ሜትር ላይ አቁመው ለ60 ሜትር የሚበቃ ሲሚንቶ ላኩ። የፕላጉን (ጉድጓዱን የሚደፍነውን የሲሚንቶ ዓምድ) አናት 440 ላይ ይጠብቁ ነበር። በማግስቱ ቱቦው ሲወርድ አንድ ነገር የነካው 470 አካባቢ ነው። እሱም ጫን ሲሉት የሚሰምጥ ለስላሳ ነገር ሆነ። «በሚቀጥለው ሲሚንቶውን እጥፍ ላድርገው ወይ?» ይላል።

እኔ በበኩሌ አታድርገው ባይ ነኝ። ቢያንስ መጀመሪያ የምትሞክረው እሱን አይሁን። ጨምረህ የምትልከው ሲሚንቶ የፊተኛው በሄደበት መንገድ ይሄዳል። ጣጣው ያለው ከታች ነው።

ሂሳቡን አይቼዋለሁ፣ ልክ ነው። ሌሎቻችሁም እንድትከተሉን ቶሎ ልለፍበት። 216 ሚሊሜትር ጉድጓድ በሜትር 36.6 ሊትር ይይዛል። 60 ሜትር ማለት ወደ 2,200 ሊትር ነው። 50 ኪሎ ሲሚንቶ በ22 ሊትር ውሃ ሲበጠበጥ 38 ሊትር ገደማ ስለሚሆን 58 ከረጢት ይፈልጋል። የ73 ሚሊሜትሩ ቱቦ ውስጡ በሜትር 3.02 ሊትር፣ በቱቦውና በጉድጓዱ ግድግዳ መካከል ያለው አኑለስ ደግሞ 32.4 ሊትር ይይዛሉ። ሁለቱ ሲደመሩ 35.4 ነው። ስለዚህ ቱቦው እዚያው እያለ ሲሚንቶው 62 ሜትር ይቆማል፤ ቱቦው ሲወጣ ወደ 60 ይወርዳል። ስፔሰሩ (ሲሚንቶውና ጭቃው እንዳይነካኩ በመካከላቸው የሚላከው ፈሳሽ) ከፊት 1,620፣ ከኋላ 151 ሊትር ነው። መጠናቸው ይራራቅ እንጂ የፊተኛው በአኑለሱ፣ የኋለኛው በቱቦው ውስጥ ሁለቱም የሚይዙት 50 ሜትር ነው። የሚቀረው 388 ሜትር ቱቦ በ1,170 ሊትር ጭቃ ይገፋል። ባላንስ የሚባለው ይኸው ነው፤ ከውስጥም ከውጭም ያለው ፈሳሽ እኩል ከፍታ ላይ ቆሞ አንዱ ሌላውን ሳይገፋ ሲቀር።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ እኔ 1,170ውን ሙሉውን አልገፋም። 60 ሊትር ያህል አስቀራለሁ። ከቱቦው ውስጥ ያለው ዓምድ ትንሽ ከበድ ስለሚል ራሱ ወርዶ ይተካከላል፤ ቱቦውም ሲፈታ ጭቃ አይረጭብህም። አብዝቶ መግፋት ግን መድኃኒት የለውም፤ ጭቃው የሲሚንቶውን ልብ ይበጠብጠዋል። ሁለተኛ፣ መግፊያውን በምን ለካችሁት? አንድ ሜትር ቱቦ 3 ሊትር ብቻ በሚይዝበት ቦታ የ100 ሊትር ስህተት ማለት 33 ሜትር ነው። የፓምፕ ምት ቆጥሮ ማባዛት፣ በተለይ ፓምፑ ያረጀ ከሆነ፣ አያስተማምንም። ምልክት ካለው ታንክ ቀንሶ መለካት ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው። ከሲሚንቶህ በታች 200 ሜትር ጭቃ አለ። ጭቃው በሊትር 1.1 ኪሎ ቢሆን፣ ሲሚንቶው 1.9 ነው። ከባዱን ቀላሉ ላይ አስቀመጥከውና እስኪደርቅ ቁጭ በል አልከው። አይቀመጥም! ሲሚንቶው በአንድ ወገን እየሰነጠቀ ይወርዳል፣ ጭቃው በሌላው ወገን ሽቅብ ይወጣል። መሃል ላይ ሲገናኙ ደግሞ ይደባለቃሉ። በማግስቱ የምታገኘው ያ የማይጠነክር ለስላሳ ነገር የእነሱ ድብልቅ ነው። ጉድጓዱ ሰፊ ከሆነ ይብሳል። ዘንበል ያለ ከሆነማ ሲሚንቶው የታችኛውን ግድግዳ ይዞ ይንሸራተታል።

ስለዚህ መጀመሪያ ወለል ሥራለት። በጣም አስተማማኙ ሜካኒካል ብሪጅ ፕላግ (ግድግዳውን ጨብጦ ጉድጓዱን የሚዘጋ መሣሪያ) ነው። እሱ ካልተገኘ ወፍራም የቤንቶናይት ጭቃ ይሠራል። ቱቦውን 500 ላይ አቁመህ ሳይሆን ወደ 550 ገደማ አውርደህ፣ ያንን 50 ሜትር በወፍራሙ ጭቃ ትሞላዋለህ። እሱንም እንደ ሲሚንቶው በባላንስ አስቀምጠው። ከዚያ ወደ 500 ቀስ ብለህ ትወጣለህ። ክብደቱ ከጭቃው በላይ፣ ከሲሚንቶው በታች ቢሆን ደግሞ እሰየው። ቤንቶናይቱ ግን ቀደም ብሎ ለሰዓታት በውሃ መራስ አለበት። አሁን በጥብጦ አሁኑኑ የሚላክ ቤንቶናይት ገና ውሃውን አልጠጣም፤ ቀጭን ነው፤ ሸክም አይችልም። ሥራው ሲያጣድፍ መጀመሪያ የሚዘለለው ይሄ ነው፣ እኔ ደግሞ የማልዘለው እሱን ነው።

ቀጥሎ የቱቦውን አፍ እይ። ክፍት ከሆነ ሲሚንቶው በፍጥነት ቁልቁል ተወርውሮ አሁን የሠራኸውን ወለል ይቆፍረዋል። ጫፉን ድፈነውና በጎንና ጎኑ ቀዳዳ አውጣለት። ፈሳሹ ወደ ግድግዳው ይመታል፣ ወለሉም ይተርፋል፣ ግድግዳውም የተሻለ ይታጠባል።

የቱቦ አወጣጡም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሲሚንቶው ውስጥ እያለህ በደቂቃ ከ9 እስከ 15 ሜትር ብቻ። ፈጥነህ ከሳብክ ቱቦው እንደ ሲሪንጅ ከሥሩ ያለውን ይስባል፣ ባላንሱም ድካሙም አብሮ ይሄዳል። ከሲሚንቶው አናት በደንብ ከራቅክ በኋላ ብቻ ፓምፕ ከፍተህ ቱቦውን እጠበው። እዚያው አናቱ ላይ ቆሞ ማጠብ ገና ለስላሳ የሆነውን ሲሚንቶ ማቅጠን ነው።

አንድ ያልጠቀስከው ነገር አለ፤ የጉድጓዱ እውነተኛ ስፋት። 216 የቢቱ (የመቆፈሪያው ጫፍ) ልክ ነው። ግድግዳው ተሸርሽሮ 250 ደርሶ ቢሆን በሜትር 49 ሊትር ይይዛል፤ ያው 2,200 ሊትር 45 ሜትር ብቻ ይሞላል። በካሊፐር (የጉድጓዱን ስፋት በሚለካ መሣሪያ) ካልተለካ ተጨማሪ ሲሚንቶ መያዝ ተገቢ የሚሆነው ለዚህ ነው። ግን ያንተ ምልክት ይህንን ብቻ አይመስልም። ሽርሸራ ብቻ ቢሆን አናቱ ዝቅ ብሎ ጠንካራ ሆኖ ይጠብቅህ ነበር። ለስላሳ መሆኑ መደባለቁን ይናገራል።

ጉድጓዱስ ጸጥ ብሎ ነበር? ጭቃ የሚጠጣ ቦታ ካለ፣ ወይም ከታች ውሃ የሚገፋ ካለ፣ ባላንስ የሚባል ነገር የለም። ከመጀመርህ በፊት ፓምፕ አጥፍተህ የጭቃው ከፍታ እንደማይንቀሳቀስ ተመልከት።

ስለ መድረቂያው ጊዜም አንድ ቃል። ከላይ በጣሳ ያስቀራችሁት ናሙና ደረቀም አልደረቀም ብዙ አይነግራችሁም። ታች ሙቀቱ ከፍ ካለ ሲሚንቶው ቶሎ ይይዛል፣ ጣሳው ውስጥ ያለው ገና ውሃ ሆኖ ሊጠብቅ ይችላል። ናሙናውን በጉድጓዱ ሙቀት ማቆየት ከቻልክ ብቻ እመነው።

አሁን ታች ስላለው ሲሚንቶ፤ ተስፋ አትቁረጥበት። በቀስታ እያጠብክ ውረድና ጠንካራው የት እንደሚጀምር ፈልግ። ስትጫነው የቱቦውን ክብደት የሚሸከም ነገር ካገኘህ እሱ ራሱ ለሁለተኛው ፕላግ ወለል ይሆናል፣ ቤንቶናይቱም ላያስፈልግህ ይችላል። እስከ 500 ድረስ ምንም የሚሸከም ነገር ካጣህ ግን ወርዷል ማለት ነው፤ ወለሉን ከመጀመሪያው ሥራ።

የጭቃውን ክብደት፣ የጉድጓዱን ዝንባሌና ቱቦውን በምን ፍጥነት እንዳወጣችሁት ጻፍልን። እሱን ካየሁ ለሁለተኛው ዙር ቁጥሩን አብረን እንሠራዋለን።