ለሁለት ስብስብ አንድ የእግር ኳስ ካርድ ይበቃል ወይስ ሁለት ልግዛ?

ርካሹን ተራ ካርድ ሁለት ግዛ፤ ውዱን ግን አትድገመው። የአርሰናልንና የተጫዋቹን የሳካን ካርዶች ለየብቻ እሰበስባለሁ ብለሃል። ሳካ በአርሰናል ማሊያ የወጣበት ካርድ ሁሉ ሁለቱም ጋ ይገባል። ሁሉንም ልድገም ካልክ አቦ ገንዘብህ እዚያው ያልቃል፤ የጎደሉህን ሳትገዛ ትቀራለህ።

እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው፦

1. በቁጥር የተደረደረውን ስብስብ አስቀድም። አድሬናሊን ኤክስኤል ወይም ማች አታክስ ከሚባሉት ባለ ቁጥር የካርድ ስብስቦች ከሆነ እዚያው ተራው ላይ ይቀመጥ። መሃል ላይ አንድ ቁጥር ሲጎድል ገጹ በጣም ያስጠላል።

2. የሳካው አልበም ላይ ባዶውን ኪስ አትዝለለው። የካርዱን ዓመትና ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈህ አስገባበት። በኋላ ርካሽ ቅጂ ስታገኝ ትተካዋለህ።

3. ፊርማ ያለበት ወይም 12/50 ዓይነት ቁጥር (ከ50 ቅጂ 12ኛው ማለት ነው) የተጻፈበት ከሆነ የሳካው ጋ ይሁን። አንዱ ይበቃል።

ፎቶው አንድ ሆኖ ቀለሙ ወይም ጠርዙ ከተለየ ድግግሞሽ አይደለም፤ ሌላ እትም ነው። ጀርባውን ሳታይ አትወስን። እዚህ ድሬዳዋ ከዚራም ሆነ ታይዋን ሰፈር አካባቢ የሚሰበስብ ልጅ ካወቅክ ደግሞ ከመግዛትህ በፊት መለዋወጥ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቀው።

የምትጠነቀቀው የድሬን ሙቀት ነው። የሚያብረቀርቁት ካርዶች ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ሲቀመጡ እንደሚጣመሙ ደጋግሜ አይቻለሁ። ሁለተኛውን ቅጂ ለጌጥ እዚያ ልታቆመው ከሆነ ባትገዛው ይሻላል።