ምን ቀምሰው መጡ?

በቀደም ከስፖርት ሳይንስ ገና የተመረቀ ልጅ «ጋሼ፣ ስኳር ላለባት ደንበኛዬ ስንት ስኳት ልስጣት?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ጉልበት አጥፎ ቁጭ ብድግ ማለቱን ነው። ቁጥሩን ልነግረው አፌን ስከፍት አንዲት እናት ትዝ አሉኝ። መልሱ ትንሽ ይቆይ፤ ሌሎቻችሁም ታገሡኝ።

የሁዳዴ ሰሞን ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት፣ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ። እናቲቱ ሃምሳን ያለፉ፣ ስኳርም ግፊትም ያለባቸው ናቸው። 12 ሰዓት ላይ የስኳሩን ግሊቤንክላማይድና የግፊቱን አቴኖሎል ውጠዋል፤ እህል ግን ከማታ ወዲህ አልቀመሱም፤ እስከ 9 ሰዓት ይጾማሉ። ወጣቱ አሰልጣኛቸው አልጠየቀም፤ እሳቸውም አልተናገሩም። ጾመኛ ጾሙን አያወራም።

አራተኛው ዙር ላይ ላብ በላብ ሆኑ። ልጁ «ጎበዝ ነዎት!» አለ። በእጅ ሰዓቱ የልብ ምታቸውን አየ፤ 96። ገና ነው ብሎ አንድ ዙር ጨመረ። አቴኖሎል የልብን ምት ይይዛል፤ ስኳር ሲወርድ የሚመጣውን የልብ ድለቃና መንቀጥቀጥ ይሸፍናል። ላቡን ግን አይሸፍነውም። ያ ቀዝቃዛ ላብ የጉብዝና ሳይሆን የስኳር መውረድ ነበር። ቀጥሎ እኚያ ጨዋ ሴት ልጁን ይቆጡት ጀመር፤ ንግግራቸው ተንተባተበ፤ ቁጭ አሉ። ውኃ ሰጣቸው። ውኃ ምን ስኳር አለው? ሻይ የምታዞር ልጅ ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ ሰጠቻቸው፤ «ጾሜን እኮ ነው» እያሉ በግድ ጠጡት፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ነፍሳቸው ተመለሰች። ዳቦ ቢለመኑ ግን አሻፈረኝ አሉ። ልጁም ታክሲ አሳፍሮ ሸኛቸው። 6 ሰዓት ገደማ ቢሮአቸው ውስጥ ወደቁ።

የሻዩ ስኳር ቶሎ ያልቃል፤ ግሊቤንክላማይድ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ቆሽትን ኢንሱሊን ያስመነጫል። የሠራ ጡንቻም ለሰዓታት ከደም ስኳር እየሳበ ይቆያል። ዳቦው ያስፈለገው ለዚህ ነበር። ዳቦው እምቢ ከተባለ መንገዱ ወደ ጤና ጣቢያ እንጂ ወደ ቢሮ አልነበረም።

ያን ልጅ ያሠለጠንነው እኛ ነን። የጡንቻ ስም በቃሉ አስጠንተነዋል። «ምን ቀምሰው መጡ? መድኃኒቱን ስንት ሰዓት ወሰዱ?» ብሎ መጠየቅን ግን አላስተማርነውም። አሁንም ይቆጨኛል።

ስለዚህ የስኳር መለኪያ ከዝላይ ገመድ በፊት ይገዛ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው የደም ስኳሩ ከ90 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ፣ ከ15 እስከ 30 ግራም ካርቦሃይድሬት ሳይቀምስ አይጀምርም። ከ70 በታች ከወረደ ሥራው ይቆማል፤ ሦስት ሞላ ያሉ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ (ዳይት የሚሉት አይሠራም)፣ 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት፣ ከዚያ ምግብ። ከ250 በላይ ሆኖ ማቅለሽለሽ ካለው ወደ ሐኪም ላኩት። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን ብቻ የሚወስድ ሰው ስኳሩ እምብዛም አይወርድም። እንግዲህ «ኪኒን እወስዳለሁ» አይበቃችሁም፤ ፓኮውን አስመጥታችሁ ስሙን አንብቡ። ኢንሱሊኑን ጭኑ ላይ ተወግቶ ወዲያው ለእግር ሥራ የሚመጣም አለ፤ የሚሠራ ጭን መድኃኒቱን ያፈጥነዋል።

ጾሙን አትከራከሩ። ሰዓቱን ከ9 ሰዓት ምግብ በኋላ አዙሩት፤ በረመዳን ከአፍጥር በኋላ። የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት የሚያስተካክለው ሐኪሙ ነው፤ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ወደ እሱ ላኳቸው። ስለ ጾሙ ደግሞ የንስሐ አባታቸው ይናገሩ፤ ሕመምተኛን የሚያስፈታ ሥርዓት አለ።

የዛሬ ልጆች ሰው ፊት ላይ ከማየት የእጅ ሰዓታችሁን ማየት ይቀላችኋል። እንደ አቴኖሎል ያለ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው የልብ ምት መለኪያ አይሆንም። ከ6 እስከ 20 ባለው የቦርግ መለኪያ ድካሙን ራሱ ይንገራችሁ፤ ከ11 እስከ 13 ይበቃል። በሌላ አነጋገር ማውራት ይችላል፣ መዝፈን ያቅተዋል። ቁጥር አታምልኩ እያልኩ ቁጥር ደረደርኩባችሁ፤ ይሁን። አንድ ልጨምር፤ አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ግፊቱ ከ180 በ110 ያለፈ ሰው ዛሬ አይሠራም።

ደግሞ ለቪዲዮ ያምራል ብላችሁ አዲስ ደንበኛ ይዛችሁ እንጦጦ አትውጡ። አደባባዩ ራሱ ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ገደማ ነው፤ እንጦጦ 3,000ን ያልፋል። ልቡ ለደከመ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ለንደን ውስጥ በ1953 በወጣ ጥናት፣ ባለ ፎቅ አውቶቡስ ላይ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች ቁጭ ብለው ከሚውሉት ሾፌሮች ያነሰ የልብ ሕመም ተገኝቶባቸዋል። የአውቶቡስ ደረጃ ያን ያህል ከሠራ ተራራ ምን ያስፈልጋል?

እሺ፣ ስኳቱ። መጀመሪያ ጫማና ካልሲ ይውለቅ፤ ስኳር እግርን ያደነዝዛል፤ ቁስል ቢኖር ባለቤቱ ላያውቀው ይችላል። ከዚያ ወንበር ከግድግዳ አስጠግታችሁ 8 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፤ ሁለት ዙር፣ በመካከል 2 ደቂቃ ዕረፍት፣ በሳምንት ሁለት ቀን። ሲነሡ ትንፋሽ ያስወጡ፤ ትንፋሽ አምቆ መነሣት ግፊትን ባንዴ ሽቅብ ይሰደዋል። ሲጨርሱ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቀስ ብለው ይራመዱ፤ ባንዴ ከቆሙ ግፊታቸው ወርዶ ሊያዞራቸው ይችላል። ስምንቱ ከከበዳቸው ወንበሩ ላይ ትራስ ጨምሩበት።