መልስ፦ አዲስ የስፒከር ገመድ «እስኪፍታታ» መጠበቅ አለበት ወይ?

ወንድሜ፣ ደሴ ፒያሳ የገዛኸውን የስፒከር ገመድ ሻጩ «100 ሰዓት ካልተጫወተበት ድምፁ አይከፈትም» እንዳለህ ጽፈሃል። አትስማው። መዳብ ኤሌክትሪክ ስላለፈበት አይፍታታም፤ ዛሬም ከወር በኋላም ያው መዳብ ነው። ሬዚስታንሱን (ኤሌክትሪኩን የሚገታበትን መጠን) የሚለውጠው ሙቀት ነው፣ እሱም በአንድ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ። ገመዱን ከደሴ ብርድ ኮምቦልቻ ይዘኸው ብትወርድ ከ100 ሰዓት ሙዚቃ ይልቅ እሱ ይለውጠዋል፤ ያም ቢሆን በጆሮ አይለይም።

የሚፍታታው ስፒከሩ ነው። አዲስ ሲሆን ኮኑን (የሚርገበገበውን የፊት ክፍል) የያዘው ጨርቅና ጎማ ጠንከር ይላል፣ ሲሠራ ትንሽ ይለሰልሳል። ከዚያ ውጭ የሚለምደው ጆሯችን ነው። ደግሞ 100 ሰዓቱ እስኪሞላ «መልሱልኝ» የምትልበት ጊዜ ማለፉን አትርሳ (ክፉ አሳቢ አትበለኝ)።

ይልቅ ጫፉን ልጠህ አንዷን ክር በምላጭ ፋቅ አድርጋት። ላይዋ ቀይ፣ ውስጧ ነጭ ከሆነ የተሸጠልህ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው፤ በእኩል ውፍረት ሬዚስታንሱ የመዳብን አንድ ተኩል እጥፍ ያህላል። እንዲህ ከሆነ ዛሬውኑ መልስለት። ንጹሕ መዳብ ከሆነ ግን ለሳሎን 5 ሜትር ርቀት 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ይበቃሃል፣ ይተርፍሃልም። ስትገጥመው ክሮቹን አጥብቀህ ጠምዝዛቸው። አንዷ አፈንግጣ ቀዩንና ጥቁሩን መግጠሚያ ካገናኘች ሾርት አድርጋ አምፕሊፋየሩን ልታቃጥልብህ ትችላለች። የቆየ ገመድ ካለህም የጠቆረውን ጫፍ ቆርጠህ አዲስ ጫፍ አውጣለት፤ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚያ ነው።