አንዱ ባይሰማችሁ ለሌላው ንገሩ

ውድ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆቼ፣

ደሴ ላይ 31 ዓመት አማርኛ አስተምሬአለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት በእናንተ ዕድሜ ካሉ ልጆች ጋር ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ሰዋስው አይደለም። ለማንም ሳትናገሩ በሆዳችሁ ይዛችሁት ስለምትዞሩት ነገር ነው።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። እናንተ ያን ጊዜ ትንንሾች ነበራችሁ፤ ግን የምትረሱት አይመስለኝም። ነገሩ ሲረጋጋ ወደ ትምህርት ቤታችን ተመለስን። ዴስኩ ግማሹ የለም፣ መስኮቱ ረግፏል። ትምህርት ተጀመረ ተባለ፣ ጀመርን። እኔም እንደ ወትሮዬ ድርሰት አዘዝኩ። ርዕሱ «የምወደው ወቅት» የሚል ነበር።

አንዲት የ8ኛ ክፍል ልጅ ስለ ወቅት አልጻፈችም። ማታ ውሻ በጮኸ ቁጥር ብንን እንደምትል ጻፈች። ጫማዋን አድርጋ እንደምትተኛ፣ የታናሽ ወንድሟን እጅ ይዛ እንደምታነጋ ጻፈች። እኔ በቀይ እስክሪብቶ «ከርዕስ ወጥተሻል» አልኳት። ከ10 4 ሰጠኋት።

የማርመው 60 ደብተር ነበር። ደክሞኝም ነበር። ቢሆንም ድካሜ ለእሷ ምኗም አይደለም። ጫማ አድርጋ እንደምትተኛ ነገረችኝ፣ እኔ ነጥብ ቀነስኩባት። ከዚያ በኋላ እጇን ማውጣት ተወች።

ያየቻት የቤተ መጻሕፍታችን ሠራተኛ ናት። መምህር አይደለችም፣ ሥነ ልቦናም አልተማረችም። ልጅቷ በየእረፍቱ ትገባለች፣ መጽሐፍ ትከፍታለች፣ ደወል እስኪደወል ድረስ ያንኑ ገጽ ታያለች፤ አትገልጥም። ሠራተኛዋ ይህን ልብ አለች። የጦሳ ተራራ በጉም በተሸፈነበት አንድ ቀዝቃዛ ጠዋት ከጠረጴዛዋ ተነስታ አጠገቧ ተቀመጠች። «አብሽሪ የኔ ማር፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት። ልጅቷ አለቀሰች። እስክትጨርስ ድረስ ዝም ብላ ጠበቀቻት። ከዚያ እኔ ጋ መጣች።

«መምህር፣ ይቺ ልጅ እንቅልፍ ካጣች ወራት አልፏታል። ለእርስዎ ጽፌላቸው ነበር ትላለች።»

ደብተሩን አስመጥቼ እንደገና አነበብኩት። የራሴን ቀይ ጽሑፍ ሳይ የምገባበት ጠፋኝ። ልጅቷን ለብቻዋ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኳት። ከእናቷ ጋር ተነጋገርን፤ ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወሰደቻት። በአንድ ቀን አልተሻላትም። ስትመላለስ ቆየች። ጫማዋን አውልቃ መተኛት የጀመረችው ክረምቱ ሲገባ ነው።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ለአንድ ነገር ነው። ያቺ ልጅ ተናግራ ነበር። የነገረችው ሰው ነው ያልሰማው። እናንተም አንድ ቀን ደፍራችሁ ለአንድ መምህር ትናገሩ ይሆናል። እሱም «በርቺ፣ አትጨናነቂ» ብሎ ያልፋችኋል። ወይም ዩኒት ሊደሩ ምን እንደሆናችሁ ሳይጠይቅ «ወላጅ አምጣ» ይላችኋል። ያማል፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ሰው አልሰማኝም ማለት ትምህርት ቤቱ በሙሉ አልሰማኝም ማለት አይደለም። ወደ ሁለተኛው ሂዱ። ሁለተኛውም ካልሰማ ወደ ሦስተኛው። የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ባለሙያ ካላችሁ ከእሱ ጀምሩ። ከሌለ የስፖርት መምህሯ፣ የክበብ ተጠሪው፣ በር ላይ በስማችሁ የሚጠራችሁ ጥበቃም ይሆናል። ጥሩ ሰሚ በማዕረግ አይታወቅም።

«እብድ ይሉኛል» ብላችሁ እንደምትፈሩ አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአእምሮ ጤና ችግሮች ሲሶ ያህሉ የሚጀምሩት ከ14 ዓመት በፊት፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከ18 ዓመት በፊት ነው። ልክ በእናንተ ዕድሜ ማለት ነው። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ሲደርስ ሆድ ባር ባር ቢል ያለ ነው፤ ፈተናው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ትወዱት የነበረው ኳስና ጨዋታ ከሰለቻችሁ ግን ዝም የሚባል አይደለም። ራስ ምታቱና የሆድ ቁርጠቱ ደጋግሞ ሲመጣም አንዳንዴ ሥሩ ጭንቀት ነው። እኛ ቤት «ሆድ ይፍጀው» ሲባል ነው ያደግነው። በዚህ ጉዳይ ላይ አባባሉን ተዉት።

ዱዓውም ፀበሉም ይቀጥል። እኛ ወሎ ላይ ሁለቱንም እናከብራለን። ሐኪም ጋ መሄድ ከሁለቱም አያጣላም። መድኃኒት የተጀመረላችሁ ካላችሁ ግን ሐኪሙን ሳታማክሩ አታቋርጡ።

ስለ ምስጢር ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ደህና ባለሙያ የነገራችሁትን ለክፍል ጓደኞቻችሁ አያወራም። አደጋ ላይ ከሆናችሁ፣ ወይም ቤት ውስጥ የሚጎዳችሁ ሰው ካለ፣ ለሚረዳችሁ ሰው መናገር አለበት። ይህን ከመጀመሪያው ጠይቁት፣ ይንገራችሁ። ጓደኛችሁ «መኖር አልፈልግም» ብላ «ለማንም እንዳትናገሪ» ብትልሽ፣ ቃልሽን አፍርሺ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ለትልቅ ሰው ንገሪ። ብቻዋንም አትተያት። ትኮርፍሽ ይሆናል፣ ትኩረፍ።

አፌ አይፈታልኝም የምትሉ ደግሞ ጻፉት። ድርሰት ውስጥ ግን አትደብቁት፤ እንደኔ ያለው ያልፈዋል። ከደብተራችሁ ግማሽ ገጽ ቅደዱና ይቺን ገልብጡ፦

«ቲቸር፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ማታ አልተኛም። ምግብ አልበላ ብሎኛል። ለብቻዎ ላነጋግርዎት እፈልጋለሁ።»

ስማችሁንና ክፍላችሁን ከታች ጻፉ። እጠፉትና እጁ ላይ ስጡት።