የራስና የአንገት ካንሰር ሕክምና፦ ጥናቶቹ ለታካሚው ምን ይላሉ? ጥያቄና መልስ

የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። የራስና የአንገት ካንሰር ስንል በአብዛኛው በአፍ፣ በጉሮሮና በማንቁርት የውስጥ ሽፋን ላይ የሚነሣውን ማለታችን ነው፤ የአንጎል ዕጢ በዚህ ስም አይጠራም። የምሠራው በጨረር ሕክምና ክፍል ስለሆነ ሚዛኔ ወደዚያ ቢያጋድል አትፍረዱብኝ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። አኃዞቹም ስለ ብዙ ሕሙማን በአንድነት የሚናገሩ እንጂ የአንድን ሰው ዕጣ የሚተነብዩ አይደሉም።

ጥያቄ፦ የአባቴ ድምፅ ከተዘጋ ሰባት ወር ሆኖታል። ባዮፕሲው የማንቁርት ካንሰር ነው አለ። አንዱ ሐኪም ማንቁርታቸው ይውጣ ሲል ሌላው በጨረርና በኬሞ ይታከሙ ይላል። ማንን እንመን?

ሁለቱም መሠረት ያለው ነገር ነው የነገሯችሁ። ቀደም ሲል ለገፋ የማንቁርት ካንሰር ዋናው መንገድ ማንቁርቱን ጨርሶ ማውጣት ነበር። በ1991 ከአሜሪካ የጦር ጡረተኞች ሆስፒታሎች የወጣ ጥናት ግን 332 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ወገን በቀዶ ሕክምናና በጨረር፣ ሌላውን ወገን በቅድሚያ በኬሞ ከዚያም በጨረር አከመ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሁለቱም ወገን 68 በመቶው በሕይወት ነበሩ፤ ከኬሞው ወገን ደግሞ 64 በመቶው ማንቁርታቸው ተርፎላቸዋል። በ2003 የታተመው ተከታይ ጥናት ሲስፕላቲን የተባለውን መድኃኒት ከጨረሩ አስቀድሞ ከመስጠት ይልቅ ከጨረሩ ጋር በአንድ ጊዜ መስጠት ይበልጥ ማንቁርትን እንደሚያተርፍ አሳየ፤ በሁለት ዓመት 88 በመቶ።

ሆኖም ዕጢው ካርቲሌጅ የሚባለውን ለስላሳ አጥንት ጥሶ ወደ ውጭ ከወጣ፣ ቀዶ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ይመረጣል። ቦታው ላይ የቀረ ማንቁርት ሁሉ ሥራውን የሚሠራ ማንቁርት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት፤ ምግብና ውኃ ወደ ሳንባ የሚያሳልፍ ማንቁርት ከመውጣቱ ይልቅ መቅረቱ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሁለቱ ሐኪሞች ሲቲ ስካኑን አብረው እንዲያዩት ጠይቁ፤ ካርቲሌጁ ተጥሶ እንደሆነ፣ አባትዎ ሲውጡም ትን ይላቸው እንደሆነ ይመልሱላችሁ።

ጥያቄ፦ ምላሴ ጠርዝ ላይ የነበረች ትንሽ ቁስል ካንሰር ናት ተባለ። አንገቴ ላይ ንፍፊት የለም፤ ሐኪሙ ግን አንገቴንም መክፈት ይፈልጋል። ምን አስፈለገ?

በሙምባይ ታታ መታሰቢያ ሆስፒታል የተሠራና በ2015 የታተመ ጥናት የመለሰው ይህንኑ ጥያቄ ነው። የአንገት ንፍፊቶቻቸው፣ ማለትም ባያብጡም በማንኛውም ሰው አንገት ውስጥ ያሉት የሊምፍ ዕጢዎች፣ ከምላስ ወይም ከአፍ ዕጢው ጋር አብረው ከወጡላቸው ሰዎች መካከል በሦስት ዓመት 80 በመቶው በሕይወት ሲገኙ፣ ንፍፊት አብጦ እስኪታይ ከተጠበቀላቸው መካከል ግን 67.5 በመቶው ብቻ ነበሩ። በእጅ የማይዳሰስ ንፍፊት ውስጥ የተደበቀ ካንሰር መኖሩ ብርቅ አይደለም። ሐኪምዎ ልክ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ 33 ቀን ጨረር ታዝዞላት 18ቱን ወስዳለች። አፏ ቆስሎ መብላት አቅቷታል። ሁለት ሳምንት አርፋ፣ ጠበል ተጠምቃ ብትመለስ ምን ይጎዳታል?

ይህን ጥያቄ በክፍላችን በየሳምንቱ እሰማዋለሁ፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

የዚህ ካንሰር ሴሎች ጨረር ሲያርፍባቸው ዝም ብለው አይሞቱም። ሕክምናው ከተጀመረ ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ የተረፉት ሴሎች ከቀድሞው በፈጠነ ፍጥነት መራባት ይጀምራሉ። እናትዎ አሁን ያሉት እዚያው ሳምንት ላይ ነው። ከዚህ በኋላ የሚባክን እያንዳንዱ ቀን ዕጢው ባለበት ተገትቶ የመቅረቱን ዕድል 1 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ እንደሚቀንስ ይገመታል። ሁለት ሳምንት ሲሆን ደግሞ ሒሳቡን እርስዎ ይሥሩት።

የዴንማርክ ተመራማሪዎች ነገሩን ከሌላው ጫፍ ፈተኑት፤ አጠቃላዩን የጨረር መጠን ሳይነኩ በሳምንት አምስት ቀን የሚሰጠውን ስድስት ቀን አደረጉት። ከ1,400 በላይ ሕሙማን በተሳተፉበት በዚህ ጥናት ዕጢው ተገትቶ የቀረላቸው ከ60 ወደ 70 በመቶ ከፍ አሉ። አቅም ባነሰባቸው አገሮች ይሠራል ወይ የሚለውን ጥያቄ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በእስያ፣ በአፍሪካ፣ በደቡብ አሜሪካና በሌሎች አካባቢዎች በሚገኙ ዘጠኝ ሆስፒታሎች፣ በ900 ሕሙማን ላይ አጠና፤ በ2010 የወጣው ውጤት በአምስት ዓመት ዕጢው ተገትቶ የቀረላቸው ከ30 ወደ 42 በመቶ ከፍ ማለታቸውን ገለጸ። ይህን ያህል ለውጥ ያመጣው አዲስ መድኃኒት አይደለም፤ አንድ ተጨማሪ የሥራ ቀን ነው። ስለ ውድ መድኃኒቶች የሚወራውን ያህል ስለዚህ ጥናት አለመወራቱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ጠበሉን በተመለከተ እናትዎን ከእምነታቸው ጋር አላጣላም። አቡነ ጳውሎስ በ2007 የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል እንደማይጋጩ በይፋ ተናግረው ነበር፤ ለጨረርም ነገሩ ያው ነው። ጠዋት ጨረራቸውን ወስደው ከሰዓት ጠበሉ ዘንድ ይሂዱ። ጨረር ያረፈበትን ቆዳ ግን አይሹት። የአፋቸው ቁስል ደግሞ ራሱን የቻለ ሕክምና አለው፤ በቂ የሕመም ማስታገሻ፣ ካስፈለገም የሚጠጣ ሞርፊን፣ ጨውና የመጋገሪያ ሶዳ በተበጠበጠበት ለብ ያለ ውኃ መጉመጥመጥ፣ መዋጥ ፈጽሞ ካቃታቸው በአፍንጫ የሚገባ የመመገቢያ ቱቦ። ዛሬውኑ ለክፍሉ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በጨረር ላይ ሆኖ ያጨሳል። «አሁንማ ታምሜያለሁ፣ ምን ይለወጣል?» ይላል።

በ1993 የታተመ የካናዳ ጥናት በጨረሩ ወቅት ማጨሳቸውን ካላቋረጡት መካከል በሁለት ዓመት 39 በመቶ፣ ካቋረጡት መካከል 66 በመቶ በሕይወት መገኘታቸውን አሳይቷል። ጨረር ሴልን ለመግደል ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ከሲጋራ ጭስ የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ በደም ውስጥ የኦክስጅኑን ቦታ ይይዛል። ለባለቤትዎ ይህን ብቻ ይንገሩት።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የቶንሲል ካንሰሬ ኤችፒቪ ከተባለ ቫይረስ የመጣ ስለሆነ ውጤቱ ጥሩ ነው ተብያለሁ። ታዲያ ጨረሩና ኬሞው ለምን አይቀነስልኝም?

የተነገረዎት እውነት ነው። በ2010 በታተመ ጥናት ከቫይረሱ ጋር የተያያዘ የጉሮሮ ካንሰር ካለባቸው 82 በመቶው፣ ከሌለባቸው ደግሞ 57 በመቶው በሦስት ዓመት በሕይወት ነበሩ። እንደ እርስዎ ያሰቡ ተመራማሪዎችም ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ሐሳቡ ሲፈተን ደጋግሞ ወድቋል። መጀመሪያ ሲስፕላቲንን ጉዳቱ ይቀንሳል በተባለ ሲቱክሲማብ በሚባል መድኃኒት ለወጡት። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ይፋ የሆኑት ሁለት ጥናቶች፣ አንዱ በአውሮፓ ሌላው በሰሜን አሜሪካ የተሠሩ፣ በሲቱክሲማብ የታከሙት በብዛት እንደሞቱ አሳዩ፤ የተጠበቀው የጉዳት መቅለልም ይህ ነው የሚባል አልነበረም። ቀጥሎ ጨረሩን ከ70 ወደ 60 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ዝቅ ማድረግ ተሞከረ። በ2024 የቀረበው ውጤት በሙሉው መጠን የታከሙት 98 በመቶ ያህሉ በሁለት ዓመት በሽታው ሳይባባስባቸው ሲገኙ፣ በተቀነሰው መጠን የታከሙት ወደ 90 በመቶ ዝቅ ማለታቸውን ገልጿል። መቀነስ የሚበጃቸው ሰዎች ይኖራሉ ብዬ አምናለሁ፤ ማን እንደሆኑ ለይቶ የሚያሳይ መመዘኛ በእጃችን እስኪገባ ድረስ ግን ቅነሳው ከጥናት ውጭ ሊሰጥዎ አይገባም።

ጥያቄ፦ ካንሰሩ ከጨረር በኋላ ተመልሶብኛል። ዱባይ ያለው ወንድሜ ኢሚውኖቴራፒ ገዝቼ ልላክልህ ይላል። ዋጋው ቤት የሚያሸጥ ነው። ያዋጣል?

እነዚህ መድኃኒቶች ካንሰሩን በቀጥታ አይገድሉም፤ ካንሰሩ በሰውነት መከላከያ ላይ የጣለውን ልጓም ያወልቃሉ። በ2016 የታተመው፣ ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው የኒቮሉማብ ጥናት በአንድ ዓመት በሕይወት የተገኙትን ከ16.6 ወደ 36 በመቶ ከፍ አደረገ። ትልቅ ለውጥ ነው፤ አብዛኞቹን እንዳላዳነም ከዚያው አኃዝ ይነበባል። በ2019 የታተመው የፔምብሮሊዙማብ ጥናት ደግሞ ጥቅሙ በዕጢው ላይ ባለው ፒዲ-ኤል1 በሚባል ምልክት ብዛት እንደሚወሰን አሳየ። ስለዚህ ቤት ከመሸጡ በፊት የተቀመጠው የባዮፕሲ ናሙናዎ ለዚህ ምልክት ይመርመር።

ሌላም ልብ የሚባል ጥናት ከታታ ሆስፒታል ወጥቷል። በሦስት ሳምንት አንዴ 20 ሚሊግራም ኒቮሉማብ፣ ማለትም ከተለመደው መጠን አንድ አሥረኛ እንኳ የማይሞላ፣ በአፍ ከሚወሰዱ ርካሽ መድኃኒቶች ጋር ሲሰጥ በአንድ ዓመት በሕይወት የተገኙት ከ16.3 ወደ 43.4 በመቶ ጨመሩ። የተነጻጸረው ከሙሉው መጠን ጋር ስላልሆነ እኩል ነው ማለት አይቻልም፤ ምንም ከማጣት ግን በብዙ ይሻላል። በሻንጣ የሚላከውን ነገር እቃወማለሁ። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ሳንባን፣ አንጀትንና ጉበትንም ሊያስቆጣ ስለሚችል በሚከታተል ሐኪም እጅ ብቻ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ ከጨረር በኋላ የሚመጣው የአፍ መድረቅ መፍትሔ የለውም?

ከመጣ በኋላ ማስታገስ እንጂ መመለስ ይከብዳል፤ ጥናቱ ያተኮረውም በመከላከል ላይ ነው። በ2011 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት የምራቅ ዕጢን ሸሽቶ በሚያልፍ ዘመናዊ የጨረር አሰጣጥ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ አፋቸው ክፉኛ የደረቀባቸውን ከ74 ወደ 38 በመቶ ዝቅ አድርጓል። ይህ አሰጣጥ ሊኒየር አክስለሬተር በሚባል የጨረር ማሽን ይከናወናል፤ የድሮው የኮባልት ማሽን አይችለውም። ጨረር ከመጀመርዎ በፊት ጥርስዎን ማሳየትዎን ግን አይርሱ፤ ምራቅ የሌለው አፍ ጥርስን ቶሎ ያበላሻል።

ጥያቄ፦ ከጎንደር መጥቼ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቼ ነው የምታከመው። ስድስትና ሰባት ሳምንት የማይፈጅ የጨረር ሕክምና የለም?

ይኸው የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ባካሄደው ሌላ ጥናት 33 ጊዜ የሚሰጠው 66 ግሬይ፣ በአራት ሳምንት ውስጥ 20 ጊዜ ከሚሰጥ 55 ግሬይ ጋር ተነጻጽሮ፣ አጭሩ ከረጅሙ እንደማያንስ በ2023 በአውሮፓ የጨረር ሕክምና ማኅበር ጉባኤ ላይ ቀርቧል። በየዕለቱ የሚሰጠው መጠን ከፍ ስለሚል የአከርካሪ ሕብለ ሰረሰርን የሚጠብቅ ጥንቃቄ የተሞላበት ዕቅድ ይጠይቃል፤ ለሁሉም ዓይነት ዕጢም አይሆንም። ስለዚህ ሕክምናው ከመታቀዱ በፊት ሐኪምዎን ይጠይቁ። ጉዳዩ የእርስዎን የቤት ኪራይ ብቻ የሚመለከትም አይደለም፤ ሁለት ሰዎች በዚህ መንገድ ሲታከሙ የሚተርፈው 26 የማሽን ቀጠሮ ወረፋ ለሚጠብቅ ለሦስተኛ ሰው ሙሉ ሕክምና ይበቃል።